ሮቦት፣ ላፓራስኮፒ ወይስ ሆድ ተከፍቶ? የትልቁ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከጅማ ሆኖ ለሚመርጥ ቤተሰብ

አምና ጥቅምት ላይ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ባለው የአጎቴ ቤት ሳሎን ስምንት ሰው ተሰብስበን ነበር። ጠረጴዛው ላይ አንድ ቡናማ ፖስታ ተቀምጧል። ውስጡ የኮሎኖስኮፒ (በፊንጢጣ በሚገባ ካሜራ አንጀትን የማየት ምርመራ) እና የባዮፕሲ (የሥጋ ናሙና ምርመራ) ውጤት ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር ይላል።

ትልቁ ልጃቸው ከውጭ አገር በስልክ ገብቷል፤ ድምፁ ስፒከር ላይ ነው። «አባዬን ሕንድ ውሰዷቸው፣ በሮቦት ይሠራላቸው፣ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ» ይላል። አክስቴ «እዚሁ ይሁን፣ ከአጠገባቸው አልርቅም» ይላሉ። አንድ ዘመድ ደግሞ አዲስ አበባ በትንሽ ቀዳዳ፣ ላፓራስኮፒ በሚባለው መንገድ፣ የሚሠሩ ሐኪሞች እንዳሉ ሰምቷል። አጎቴ ማና ያለው ቡናቸው ነው ያስጨነቃቸው። «ለቀማው ይለቅና እናየዋለን» አሉ። ሁሉም የሚናገረው ከፍቅር ነው። ግን የሦስቱን ልዩነት የሚያውቅ ከመካከላችን አልነበረም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ደብተር ይዤ ሰርጀኖችን ጠየቅሁ፣ ያገኘሁትን አነበብኩ፣ አጎቴንም አስታመምኩ። ያኔ ባውቀው ብዬ የተቆጨሁበትን ነው ከዚህ በታች የምጽፈው።

ምርጫ የማይቀርብበት ጊዜ

ሆድ ድንገት እንደ ከበሮ ከተነፋ፣ ፈስና ሰገራ ከቆመ፣ ትውከትም ከተከተለ ይህን ማንበብ ትታችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። የአንጀት መታጠፍ ሊሆን ይችላል። በአገራችን አንጀት ከሚዘጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ሲግሞይድ የሚባለው የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል በራሱ ላይ ይጠማዘዛል፤ ደም ይቋረጥበትና ይሞታል። አንጀቱ ገና ካልተበላሸ በፊንጢጣ ቱቦ አስገብተው አየሩን ያስወጡለታል። ብዙ ጊዜ ተመልሶ ስለሚመጣ ግን በኋላ በቀጠሮ ይሠራል። ከተበላሸ ያው ሆድ መክፈት ነው። በዚያ ሰዓት «ሮቦት ያለው የት ነው?» ብሎ መዞር ሕይወት ያስከፍላል።

ከዚህ በታች ያለው በቀጠሮ ለሚሠራ ሕመም ነው።

በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው ጥያቄ በሽታው አንጀቱ ላይ የት ጋ እንዳለ ነው። ይህን ያስረዳን ሰርጀን የሲቲ ስካኑን ፖስታ ገልብጦ ጀርባው ላይ የበር መቃን ሣለልን። ቀኝ ቋሚው ወደ ላይ የሚወጣው አንጀት ነው። አግዳሚው ከጨጓራ ሥር የሚያልፈው ነው። ግራ ቋሚው ወደ ታች ይወርድና ተጠማዝዞ ሲግሞይድ ይሆናል። ከዚያ መጨረሻው 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሬክተም ነው፤ በዳሌ አጥንት መካከል ተወሽቆ ፊንጢጣ ላይ ያበቃል። ጠቅላላ ርዝመቱ ወደ 1.5 ሜትር ይጠጋል። ሰርጀኑ እስክሪብቶውን መቃኑ ላይ አደረገና «እዚህ ሰፊ ሜዳ ነው» አለን። ወደ ታች ወደ ሬክተም አወረደውና «እዚህ ደግሞ ጠባብ ጉድጓድ ነው» አለ። የሮቦትና የላፓራስኮፒ ክርክር በአብዛኛው ያለው እዚች ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ካንሰሩ በንጹሕ መውጣቱ ነው። የተቆረጠው አንጀት ጠርዝ ላይ ካንሰር መቅረት የለበትም። በዙሪያው ያሉ ንፍፊቶችም አብረው ወጥተው ቢያንስ 12ቱ በፓቶሎጂ (የተቆረጠው ሥጋ በላቦራቶሪ ሲመረመር) መታየት አለባቸው። ኪሞ (የካንሰር መድኃኒት) ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚወሰነው በአብዛኛው በዚህ ነው።

ሦስተኛው የሰርጀኑ እጅ ነው። አራተኛው ማገገሙ፣ አምስተኛው ችግር ቢመጣ ማን ዘንድ እንደምትሮጡ፣ ስድስተኛው ጠቅላላ ወጪው ነው። ጠቅላላ ስል የኦፕራሲዮኑን ደረሰኝ ብቻ ማለቴ አይደለም። መጓጓዣ፣ የአስታማሚ ማደሪያ፣ ፓቶሎጂ፣ ኪሞ፣ የክትትል ምርመራም አለበት።

ሰባተኛው ጊዜ ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ለዝግጅት ቢያልፍ ብዙ አያሳስብም፤ ወራት ግን ያሳስባል። የአጎቴ ቡና ያለ እርሳቸው ተለቀመ።

ሆድ ተከፍቶ የሚሠራው

ነባሩ መንገድ ነው። ሆድ መሃል ለመሃል ይከፈታል፤ ቁስሉ ብዙ ጊዜ ከአንድ ስንዝር አያንስም። ሰርጀኑ በዓይኑ እያየ፣ በጣቱ እየዳሰሰ ይሠራል። የታመመው አንጀት ይቆረጥና ሁለቱ ጤነኛ ጫፎች ይገጠማሉ።

ጥቅሙን አትናቁት። ብዙ ሰርጀኖች በደንብ ያውቁታል፤ ውድ ማሽን አይጠይቅም፤ በመንግሥት ሪፈራል ሆስፒታል የሚገኘው በዋናነት ይህ ነው። ዕጢው ትልቅ ሆኖ ከሌላ አካል ጋር ከተጣበቀ፣ ወይም ሕመምተኛው ከዚህ በፊት ደጋግሞ ተሠርቶ ሆዱ ውስጥ ጠባሳ ከበዛ፣ ከሁሉም የተሻለው ምርጫ ይኸው ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ነው። ሕመሙ ይበረታል፣ ቁስሉ የመመርቀዝ ዕድሉ ከፍ ይላል፣ ሆስፒታል ውስጥ አንድ ሳምንት አካባቢ ያስተኛል። ወደ ሥራ ለመመለስ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት መቁጠር ነው። ኋላም የሆድ ግድግዳው በቁስሉ መስመር ሳስቶ ኸርኒያ (አንጀት ገፍቶ የሚያብጥበት) ሊወጣበት ይችላል።

ላፓራስኮፒ

እዚህ ሆድ በካርበን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይነፋል። ከ5 እስከ 12 ሚሊ ሜትር በሆኑ አራት አምስት ቀዳዳዎች ካሜራና ረጃጅም መሣሪያዎች ይገባሉ። ሰርጀኑ ቆሞ ስክሪን እያየ ይሠራል፤ ካሜራውን የሚይዘው ረዳቱ ነው።

ዘመዶቼ «ቁስል የለውም» ብለው ነበር። አለው። የተቆረጠው አንጀት በዚያች ትንሽ ቀዳዳ አያልፍም። ስለዚህ እንደ ዕጢው መጠን ከ4 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር የሚሆን አንድ ቁስል ይከፈታል። በሮቦትም ያው ነው። ሌላም ልንገራችሁ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ትከሻ ላይ ሕመም ሊሰማ ይችላል። አጎቴ «ሆዴን ተሠርቼ ትከሻዬን ምን አመመኝ?» ብለው ሲጠይቁ ሁላችንም ደነገጥን። ጋዙ ከሳንባ ሥር ያለውን ጡንቻ ስለሚነካካው ነው፤ ራሱ ይለቃል።

መጀመሪያ ላይ ሐኪሞች ራሳቸው «በትንሽ ቀዳዳ ካንሰር ይቀር ይሆን?» ብለው ፈርተው ነበር። በፈረንጆቹ 2004 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ትልቅ ጥናት ለዚህ መልስ ሰጠ። 872 የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ በላፓራስኮፒ፣ ግማሾቹ ሆድ ተከፍቶ ተሠሩ። ካንሰሩ ተመልሶ የመጣባቸውም በሕይወት የቆዩትም ቁጥር ተቀራራቢ ሆነ። በላፓራስኮፒ የተሠሩት የሆስፒታል ቆይታቸው አጠረ፤ የሕመም ማስታገሻም በአነስተኛ መጠን ወሰዱ። ይሁን እንጂ ከመቶ 21ዱ መሃል ላይ ወደ ሆድ መክፈት ተዛውረዋል። ይህ ሲሆን ሰርጀኑ አልተሳካለትም ብላችሁ አትደምድሙ። ብዙውን ጊዜ መዛወሩ የጥንቃቄ ውሳኔ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ግን ሊከሰት እንደሚችል እወቁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ። ላፓራስኮፒ ያለበት ሆስፒታል ሁሉ አንጀት በላፓራስኮፒ ይሠራል ማለት አይደለም። ሐሞት ከረጢት ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ አንጀት ቆርጦ ንፍፊቱን ከሥሩ አንስቶ መግጠም ሌላ። እጅ እስኪፈታ በርካታ ደርዘን ኦፕራሲዮን ይፈልጋል። «ላፓራስኮፒ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቃችሁ «አዎ» ሲሏችሁ እዚያ አታቁሙ። «ዶክተር፣ እርስዎ ራስዎ ባለፈው አንድ ዓመት ስንት አንጀት በላፓራስኮፒ ሠርተዋል? ከእነሱስ ስንቱ ወደ ሆድ መክፈት ተዛወረ?» በሉ። በአክብሮት ከጠየቃችሁ ጥሩ ሰርጀን አይቀየምም። እኛ ስንጠይቅ የአንዱ ሐኪም መልስ ቁጥር ነበር። የሌላው መልስ «አትጨነቁ» ነበር። ቁጥር የሰጠንን መረጥን።

ልብ ወይም ሳንባ ክፉኛ ለታመመ ሰው የጋዙ ግፊትና ጭንቅላት ዝቅ ተደርጎ መተኛቱ ሊከብድ ይችላል። ይህን የሚወስነው የማደንዘዣ ሐኪሙ ነው፤ ቀድማችሁ አገናኙት።

ሮቦት

ሮቦቱ ብቻውን አይሠራም። ይህን ለአክስቴ ሦስት ጊዜ ነገርኳቸው። ሰርጀኑ ከአልጋው ጥቂት ሜትር ርቆ ኮንሶል (መቆጣጠሪያው) ላይ ይቀመጣል፤ በእጁና በእግሩ ያዛል። ማሽኑ የእጁን እንቅስቃሴ እየተከተለ ሆድ ውስጥ ያሉትን መሣሪያዎች ያንቀሳቅሳል። አጠገቡ ሌላ ሐኪም ቆሞ መሣሪያ ይቀይራል። ቀዳዳዎቹ፣ ጋዙ፣ ማደንዘዣው ሁሉ የላፓራስኮፒው ናቸው። ስለዚህ ሮቦት ላፓራስኮፒ ራሱ ነው ማለት ይቻላል፤ የተለወጠው መያዣው ነው።

የተለወጠው ነገር ግን ቀላል አይደለም። የላፓራስኮፒ መሣሪያ ቀጥ ያለ ዘንግ ነው፤ ጫፉ ይከፈታል ይዘጋል እንጂ አይታጠፍም። የሮቦቱ ጫፍ እንደ ሰው አንጓ ይታጠፋል፣ ይዞራል። ምስሉ ጥልቀት ያለው ነው፤ እስከ 10 እጥፍ ያጎላል። የእጅ መንቀጥቀጥን ያጣራል። ካሜራውን የያዘው የማይደክም ክንድ ነው። በሰፊው ሜዳ ላይ ይህ ሁሉ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። በጠባቡ ጉድጓድ፣ በተለይ ዳሌው ጠባብ በሆነ ወንድ ወይም በወፍራም ሰው ላይ፣ ለሬክተም ሥራ ይጠቅማል።

ጥናቶቹም እዚሁ ላይ ነው የሚከራከሩት። በፈረንጆቹ 2017 የወጣው ጥናት በ10 አገሮች 471 የሬክተም ካንሰር ሕሙማንን አነጻጸረ። ወደ ሆድ መክፈት የተዛወሩት በላፓራስኮፒ ከመቶ 12.2፣ በሮቦት 8.1 ነበሩ። ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው ተብሎ ብልጫው አልተረጋገጠም። ሮቦቱ ከግማሽ ሰዓት በላይ ተጨማሪ ጊዜ ወሰደ፤ ወጪውም ከፍ አለ። ቀጥሎ ቻይና ውስጥ ከ1,100 በላይ ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት በፈረንጆቹ 2022 ወጣ። የተመረጡት ዕጢያቸው ሬክተሙ መካከልና ታች ላይ ያለ ሰዎች ሲሆኑ፣ የሠሩትም ልምድ ያላቸው ሰርጀኖች ነበሩ። የተቆረጠው ጠርዝ ላይ ካንሰር የተገኘባቸው በላፓራስኮፒ ከመቶ 7.2፣ በሮቦት 4.0 ሆኑ። በሦስት ዓመት ውስጥ እዚያው ዳሌ አካባቢ የተመለሰባቸውም በሮቦት ከተሠሩት ያነሱ ነበሩ።

ስለዚህ «ሮቦት ምንም አይጨምርም» የሚልም «ሮቦት ሁሌ ይበልጣል» የሚልም ልክ አይደለም። ለታችኛው ሬክተም፣ በለመደ እጅ፣ ይጨምራል። ለቀኙ ቋሚ፣ ለግራውና ለሲግሞይድ ግን ላፓራስኮፒ በሚገባ የሚያውቅ ሰርጀን ካገኛችሁ ሕመምተኛው የሚያተርፈው ትንሽ ነው።

ወንዶች አፍረው የማይጠይቁት ነገር አለ። ሬክተም ሲሠራ ሽንትንና የግብረ ሥጋ አቅምን የሚያዝዙ ነርቮች አጠገቡ ናቸው። አንዳንድ ጥናቶች በሮቦት ሲሠራ ይህ ቶሎ ይመለሳል ይላሉ፤ ሌሎች ልዩነት አላገኙም። በየትኛውም መንገድ ቢሠራ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ጠይቁ። አባታችሁ ካፈሩ ከሐኪሙ ጋር ብቻቸውን ተዉአቸው።

ወጪው ለምን ይወደዳል? ማሽኑ ብቻውን ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። የዓመት ጥገናው ከመቶ ሺህ ዶላር ያልፋል። መሣሪያዎቹ ደግሞ የተወሰነ ጊዜ ከሠሩ በኋላ ማሽኑ ራሱ ቆጥሮ አይቀበላቸውም። ያ ሁሉ በሕመምተኛው ደረሰኝ ላይ ይመጣል። ለጅማ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ወደ ሕንድ፣ ቱርክ ወይም ታይላንድ መጓዝ ይጨመርበታል።

ባጭሩ ሲነጻጸር

| መለኪያ | ሆድ ተከፍቶ | ላፓራስኮፒ | ሮቦት |
|---|---|---|---|
| ለድንገተኛ ሕመም | ተመራጭ | አልፎ አልፎ | አይታሰብም ማለት ይቻላል |
| ለቀኝ፣ ግራና ሲግሞይድ | ይሠራል | ተመራጭ፣ ሰርጀኑ ከለመደ | ይሠራል፣ ትርፉ ትንሽ |
| ለታችኛው ሬክተም | ይሠራል | ይሠራል፣ ከባድ ነው | ብልጫ አለው፣ በለመደ እጅ |
| ካንሰሩን ማውጣት | ጥሩ | እኩል | እኩል፤ ታች ላይ ሊሻል ይችላል |
| ሆስፒታል መተኛት | አንድ ሳምንት ገደማ | ከ3 እስከ 5 ቀን | ከላፓራስኮፒ ጋር ተቀራራቢ |
| ወደ ቀላል ሥራ መመለስ | ከ6 እስከ 8 ሳምንት | ከ2 እስከ 4 ሳምንት | ከላፓራስኮፒ ጋር ተቀራራቢ |
| የኦፕራሲዮን ሰዓት | አጭር | ረዘም ያለ | ከሁሉም ረጅም |
| ወጪ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ |

ቀናቱ ሁሉ ያለ ችግር ለሚያገግም ሰው ናቸው። ከባድ ነገር አለማንሳት ለሁሉም ስድስት ሳምንት ገደማ ነው። የቡና ጆንያ 60 ኪሎ ነው፤ «ቁስሌ ትንሽ ነው» ብላችሁ እንዳታነሱት።

እንደ ኪሳችሁና እንደ ሕመማችሁ

በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የምትታከሙ ከሆነ ሪፈራችሁን ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ በቅደም ተከተል ያዙ። ዘላችሁ ከሄዳችሁ መድህኑ ላይሸፍን ይችላል። ከዚያ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሆድ ተከፍቶ ቶሎ መሠራት፣ ለላፓራስኮፒ ገንዘብ እየለመኑ አራት ወር ከመጠበቅ እጅግ ይሻላል። ይህን ስጽፍ ሙሉ ልቤን ይዤ ነው። ካንሰሩን የሚያወጣው መንገድ ሦስቱም ላይ አንድ ነው። የሚያጣላን ማገገሙ ነው፤ ማገገም ደግሞ ይጠበቃል።

መካከለኛ አቅም ካላችሁና በሽታው መቃኑ ላይ ወይም ሲግሞይድ ላይ ከሆነ ገንዘባችሁን አንጀት በላፓራስኮፒ አዘውትሮ በሚሠራ ሰርጀን ላይ አውሉት። ከገንዘቡ የተወሰነውን ግን ለፓቶሎጂና ለኪሞ አስቀሩ። ሁሉን ለኦፕራሲዮን ጨርሶ ኪሞ ላይ መቆም ያየሁት ክፉ ነገር ነው።

ውጭ ያለ ዘመድ የሚያግዛችሁ ከሆነና ዕጢው የታችኛው ሬክተም ላይ ከሆነ ሮቦቱን በቁም ነገር አስቡት። በቅድሚያ ግን ጨረርና ኪሞ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ማስፈለግ አለማስፈለጉን አረጋግጡ። ብዙ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ሳምንታት ይወስዳል። ሆድ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ የሚወጣውን ሰገራ የሚይዝ ጊዜያዊ ከረጢትም ሊኖር ይችላል። ከረጢቱን ጅማ ላይ ከየት እንደምታገኙ ሳታውቁ አትሂዱ፤ ስትመለሱ በቂ ይዛችሁ ኑ።

የአጎቴ ዕጢ ሲግሞይድ ላይ ነበር። አዲስ አበባ በላፓራስኮፒ ተሠሩ። ልጃቸው ለሮቦት ያሰበው ገንዘብ ለኦፕራሲዮኑ፣ ለቤት ኪራዩና ለኪሞው በቃ።

ጉዞው

አንጀቱ የተገጠመበት ቦታ ሊያፈስ ይችላል። በመቃኑ ላይ ከመቶ ጥቂቶች ላይ ይከሰታል፤ ታች ሬክተም ላይ ከዚያ ይበዛል። ምልክቱ በብዛት የሚታየው በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ አካባቢ ነው። ሰው «ተሻለኝ» ብሎ ወደ ቤቱ የሚገሰግሰው በዚያው ሰሞን ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጡ እዚያው አቅራቢያ ቢያንስ ዐሥር ቀን ቆዩ። ትልቅ የሆድ ኦፕራሲዮን የተደረገለት ሰው አውሮፕላን ለመሳፈርም ቢያንስ ወደ 10 ቀን መጠበቅ አለበት።

እኛ በአራተኛው ቀን መኪና ልንይዝ ነበር፤ ሰርጀኑ ከለከለን። በስድስተኛው ቀን ሌሊት አጎቴ አተኮሳቸው። ሆስፒታሉ ዐሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ነበር። የሽንት ኢንፌክሽን ሆኖ በመድኃኒት አለፈ። መንገድ ላይ ብንሆን ግን ምን እናደርግ ነበር?

ካንሰር፣ ኦፕራሲዮንና ረጅም ጉዞ ሦስቱም ደም እግር ውስጥ እንዲረጋ ያደርጋሉ። የደም ማቅጠኛ መርፌ እስከ 28 ቀን ሊታዘዝ ይችላል፤ ጠይቁ። ውጭ ከተሠራችሁ የኦፕራሲዮኑን ሪፖርት፣ የፓቶሎጂውን ወረቀትና የሲቲ ስካኑን ሲዲ ሳትቀበሉ አትመለሱ። እዚህ የሚቀበላችሁ ሐኪም ያለ እነሱ ዓይኑን እንደታሰረ ሰው ነው።

ለጅማ ሰው ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር። ጀርመን አገር ሃይደልበርግ ውስጥ በፈረንጆቹ 2012 የወጣ ጥናት አንጀታቸው ለተሠራ ሰዎች ቡና አጠጣ። ቡና የጠጡት አንጀት በአማካይ በ60 ሰዓት ሠራ፤ ውኃ የጠጡት ደግሞ በ74። ሐኪሙን አስፈቅደን በሁለተኛው ቀን በትንሽ ሲኒ ወሰድንላቸው። ሲኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ አሸተቱት።

ደም ካያችሁ

አጎቴ ይህ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት ስምንት ወር «ኪንታሮት ነው» ተብለው ቅባት ሲቀቡ ነበር። በእነዚያ ወራት ሁሉ ኮሎኖስኮፒ ያዘዘላቸው አልነበረም። ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ፣ የሰገራ ልማዳችሁ ከተለወጠ፣ ወይም ደም ማነስ ያለ ምክንያት ከመጣ ኮሎኖስኮፒ ይታዘዝልን በሉ። የትልቁ አንጀት ካንሰር የታመመ ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ምልክት ሳትጠብቁ በ40 ዓመታችሁ ታዩ። የታመመው ሰው በወጣትነቱ ከሆነ ደግሞ እርሱ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድማችሁ።

በስልክ «ሮቦት» ሲል የነበረው የአጎቴ ትልቁ ልጅ 41 ዓመቱ ነው። ለሚቀጥለው ወር ቀጠሮ ይዟል።